የድንጋይ ብናኝ ደንብ ከማስክ ሳይሆን ከውሃ ይጀምር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታው በሠራተኛው ጤና ላይ አደጋ እንዳያደርስ የመጠንቀቅ ግዴታ ጥሎበታል። ግዴታው ተገቢ ነው። ሆኖም በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የኪችን ጠረጴዛና የመቃብር ድንጋይ የሚቆርጥ ባለሙያ ነገ ጠዋት ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት ከአንቀጹ አያገኝም። ይህን ዘርዝሮ መናገር ያለበት መመሪያ ነው። የሥራ ደህንነትና ጤንነት መመሪያዎች ሲከለሱ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ለሚገኘው ማዕድን፣ ለሲሊካ ብናኝ፣ ራሱን የቻለ ክፍል እንዲሰጠው እጠይቃለሁ።

በዓይን የሚታየው አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሳንባን የሚጎዳው የማይታየው ነው፤ ከ4 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የማይበልጠው ቅንጣት እስከ አየር ከረጢቶቹ ይዘልቃል፣ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጠቅላላ አቧራን ብቻ የሚቆጣጠር ገደብ አይበቃም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ ወደ ሳንባ የሚዘልቀው ክሪስታል ሲሊካ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወስናለች። ሠራተኛ በአንድ ቀን ሥራ ወደ 10 ሜትር ኩብ አየር ይተነፍሳል ብንል፣ የተፈቀደው የቀን መጠን ግማሽ ሚሊግራም ነው፤ ከዐሥር የገበታ ጨው ቅንጣት አይበልጥም። እኛም ይህንኑ ገደብ ብንይዝ ጥሩ ነው።

ድንጋይ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እብነ በረድ ሲሊካው ትንሽ ነው። ግራናይት ብዙውን ጊዜ ሩብ ያህሉና ከዚያም በላይ ኳርትዝ፣ ማለትም ክሪስታል ሲሊካ ነው። በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራው ሰው ሠራሽ የኳርትዝ ጠረጴዛ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊኖረው ይችላል፤ አውስትራሊያ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራውን የከለከለችው በዚህ የተነሳ ነው። ይህ ምርት ወደ እኛ ገበያ ሲገባ ማሸጊያው ላይ የሲሊካ መጠኑ በአማርኛ እንዲጻፍ ማስገደድ ከባድ ሥራ አይደለም።

ገደቡን መጻፍ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። ልኬቱ ሠራተኛው ኮሌታ አጠገብ የሚንጠለጠል ናሙና መውሰጃ፣ ወገቡ ላይ የሚታሰር ፓምፕ፣ ከዚያም ማጣሪያውን የሚመረምር ላቦራቶሪ ይፈልጋል። የጠጠር ማምረቻና የሲሚንቶ ፋብሪካ ይህን ወጪ ይችላል፤ ሦስት ሰው ያለው ድንጋይ ቤት አይችልም። የአሜሪካው ደንብ ለግንባታ ሥራ ያበጀው መንገድ ለእኛም ይጠቅማል፦ ለየሥራው ዓይነት መሣሪያውና አሠራሩ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፣ ያንን በትክክል የፈጸመ አሠሪ የመለካት ግዴታ አይኖርበትም። ተቆጣጣሪውም ገብቶ በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል።

በሠንጠረዡ መጀመሪያ ላይ ውሃ ይግባ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ ቀዳዳ አበጅቶ አልፎ አልፎ ማንጠባጠብ ግን እርጥብ ቆረጣ አይባልም። ውሃው ዲስኩ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ላይ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት፤ በእጅ ለሚያዝ መቁረጫ ቢያንስ በደቂቃ ግማሽ ሊትር። የውሃ መርጫው አፍ በጭቃ ስለሚደፈን በየቀኑ ይጸዳ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶና ሁለት ማዝቀጫ በርሜል ያስፈልጋሉ፤ የጠራው ብቻ ወደ ማሽኑ ይመለስ፣ ምክንያቱም የደፈረሰ ውሃ ሲረጭ ብናኙን መልሶ አየር ላይ ይበትነዋል። ወለል ላይ የቀረው ጭቃ ሳይደርቅ ይታጠብ፤ ካደረ በማግስቱ በእግር ተረግጦ አቧራ ይሆናል። ውሃና 220 ቮልት አብረው ስለሆኑ ደግሞ በ30 ሚሊአምፒር ሾልኮት የሚያቋርጥ ብሬከር የሌለበት ቤት እርጥብ ቆረጣ አይጀምር። ይህ ከደንቡ ከቀረ ሳንባ እናድናለን ብለን ሰው በኤሌክትሪክ እንገድላለን።

ግድግዳ ለኤሌክትሪክ ቧንቧ በግራይንደር ሲፈለፈል ውሃ ላይመች ይችላል። እዚያ ላይ ዲስኩን የሚከድን ሽፋንና ከእሱ ጋር በቱቦ የተያያዘ ባለ ሄፓ ማጣሪያ (በጣም ደቃቅ ብናኝን የሚይዝ ማጣሪያ) መምጠጫ ግዴታ ይሁን። ለ125 ሚሊሜትር ዲስክ መምጠጫው በደቂቃ 3.5 ሜትር ኩብ አየር ያህል መሳብ አለበት። የቤት ቫኪዩም ደቃቁን በኋላው መልሶ ይተፋዋል። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግና ልብስን በኮምፕሬሰር ማራገፍ በግልጽ ይከልከል፤ የሥራ ልብስም ቤት አይሂድ።

ማስክ የመጨረሻው ነው። ሻሽና የሐኪም ቤት ማስክ ለዚህ ብናኝ መከላከያ አይደሉም። ደቃቅ ብናኝን የሚያጣራው ኤን 95 ማስክ በትክክል ሲገጥም የሚተነፈሰውን ብናኝ ወደ አንድ ዐሥረኛ ያወርዳል፤ ጺም ካለ ወይም ከሁለቱ ማሰሪያ አንዱ ከተበጠሰ አየሩ በጎን ይገባል። አንዱን ማስክ ሳምንት ሙሉ ማስለበስ መስጠት አይባልም።

ሲሊኮሲስ፣ ማለትም የሲሊካ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ መድኃኒት የለውም። ሲሊካ የሳንባን መከላከያ ሴሎች ስለሚጎዳ ሰውየውን ለቲቢ ያጋልጠዋል፣ ራጅ ላይም ሁለቱ ሊምታቱ ይችላሉ። ስለዚህ ሠራተኛው ሲቀጠርና ከዚያም በየሦስት ዓመቱ የደረት ራጅና የትንፋሽ አቅም ምርመራ በአሠሪው ወጪ ይደረግለት፤ የቲቢ ክሊኒኮችም “ሥራህ ምንድን ነው?” የሚለውን ጥያቄ ካርዱ ላይ ያስገቡ። የምርመራው ውጤት ከሥራ ማባረሪያ እንዳይሆን በዚያው አንቀጽ ይጻፍ፤ ካልሆነ የሚያስለው ሰው ለመመርመር አይመጣም።

የቀን ሠራተኛውስ? በንዑስ ተቋራጭ ስም የሚሠራው ሰው ሳይቱ ላይ ያለበት ዋና ተቋራጭ ለውሃውም፣ ለመምጠጫውም፣ ለምርመራውም ኃላፊ ነው ተብሎ ካልተጻፈ፣ ደረቅ ቆረጣው ወደ ንዑስ ተቋራጩ ይዛወራል እንጂ አይቆምም።

የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ