እማዬን ተያት፣ ትቀልድ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ ብዬ ሳልዘገይ ወደ ነገሬ ልግባ። የላክሁት ገንዘብ ሲደርስሽ መጀመሪያ የእማዬን መድኃኒት ግዢበት፣ ቀጥሎ የእድሩን ውዝፍ ክፈይ፤ የተረፈው ለሰርግሽ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ግን በስልክ እያለቀስሽ «እባክሽ አንቺ ተቆጫት፣ በራሷ ላይ ታሟርታለች» ስላልሽኝ ነው።

አልቆጣትም። ሐኪሙ ልብሽ ሰፍቷል ቢላት «ልበ ሰፊ መሆኔን ሰፈሩ በነጻ ይነግረኝ ነበር፤ ይህን ሁሉ ብር ያስከፈላችሁኝ ለዚህ ነው?» ማለቷን ስትነግሪኝ፣ ሳቄን እንዳትሰሚ ስልኩን ከአፌ አራቅሁት። የእድሩን ድንኳን ለሰርግሽ ስትተክሉ «ለእኔም ስለሚያስፈልግ አትንቀሉት» ማለቷ ክፉኛ እንዳስደነገጠሽ ይገባኛል፤ ሙሽራ እንዲህ ያለ ነገር መስማት አልነበረባትም። ነገር ግን እማዬ የመጣባትን ከእኛ ቀድማ አውቃዋለች፤ ፊቷ ተቀምጠን አፋችንን ስንለጉም ዝምታውን ሰብራ የምታስተነፍሰን እሷው ናት።

የአባባ ለቅሶ ጊዜ አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ። በሁለተኛው ምሽት፣ ገዳም ሰፈር ደጃፋችን ላይ በተተከለው ድንኳን ወንዶቹ ካርታ ይዘው ሲያመሹ፣ የእድሩ ዳኛ አባባ መዋጮ በተጠየቀ ቁጥር ኪሱን እየዳበሰ «ለካ ኮቴን ቀይሬ ነው የመጣሁት» ይል የነበረውን በድምፁ አስመስሎ ተናገረ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ሴቶቹ ተሯሩጠው ያዟት፤ «በቃሽ፣ ራስሽን ጎዳሽ» እያሉ ውኃ አመጡላት። እኔ አጠገቧ ስለነበርሁ በነጠላው ሥር አየኋት፤ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። ለቅሶውን ከሳቁ መለየት አልቻልሁም፤ እሷም የቻለች አይመስለኝም። እህል የቀመሰችው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ሮማ የማስታምማቸው አሮጊት ሞት በተነሣ ቁጥር ብረት ይነካሉ፤ በዚህ አገር ክፉ ነገር የሚመለሰው እንዲህ ነው። አብራኝ የምትሠራው ሩማንያዊት ደግሞ በአገሯ ሰፐንጻ በምትባል መንደር ስላለ የመቃብር ስፍራ አጫውታኛለች፤ የእንጨት መስቀሎቹን ሰማያዊ ቀለም ይቀቡና ሟቹ ራሱ የሚናገር አስመስለው፣ መጠጥ ወዳድነቱን ሳይቀር በአስቂኝ ግጥም ይጽፉበታል። የእኛም ሙሾ አውራጅ ብትሆን ሟቹን እያወደሰች መሃል ላይ ጎሸም ሳታደርገው አታልፍም። ይህን ለእማዬ ስነግራት «የእኔ ላይ የእድር ውዝፌን እንዳትጽፉ» አለችኝ።

ከሁሉ አንጀቴን የበላው ባለፈው እሑድ ያለችኝ ነው። ቀብሯ ላይ አልደርስ ይሆናል ብዬ መፍራቴን ሳልነግራት አውቃው፣ «ጃንሆይ በ1967 ዓ.ም. ሞተው በ1993 ዓ.ም. ሥላሴ እስኪቀበሩ 25 ዓመት ጠብቀዋል፤ እኔ ለአንቺ ሁለት ቀን ብጠብቅ ምን አለበት?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያለውን ተዪው። መኖሪያ ፈቃዴ ስላልታደሰ ነው እንጂ መቅረቴ ጨክኜ አይደለም፤ ዘመዶች ሲያነሡ ይህን ንገሪልኝ። ስለ እኔ አታስቢ፤ ከሌሊት እንቅልፍ በቀር የጎደለኝ የለም፤ የዚህ ከተማ ደወል በተደወለ ቁጥር ግን የጊዮርጊስ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሰርጉን አታዘግዪ፤ ከፋሲካ በኋላ ያላችሁት ቀን ይጽና። እሷ ዘንድ ተኮሳትረሽ አትግቢ፤ ስትቀልድ መልስ ስጫት፣ ከቻልሽም ብለጫት። ጨው ግን አታስቀምሻት፤ በዚህ ቀልድ የለም። ምናልባት ያ ቀን የመጣ እንደሆነ በማለዳ መርዶ ነጋሪ ሰብስበሽ አትላኪብኝ፤ አንቺው ደውለሽ ንገሪኝ። የገንዘቡን መቀበያ ቁጥር በስልክሽ ልኬልሻለሁ፤ እንደደረሰሽ አሳውቂኝ።

እህትሽ፣ ከሮማ