ክላሽን የሰራው ሰውዬ ቢሊየነር አልነበረም

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ ስለ ክላሽንኮቭ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ጥሩ ጥሩ ነገር አለው፣ ግን መጨረሻው ላይ ሰውየው በጠመንጃው ቢሊየነር ሆኖ ምንም ሳይጸጸት ሞተ ብላችሁ ዘጋችሁት፣ እሱን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ገንዘቡም ጸጸቱም እንደዛ አይደለም። እኔ በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና የሄድኩ ሰው ነኝ፣ ከዛ ወዲህ ኑሮዬ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሰውዬ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የኖርኩት።

ክላሽንኮቭ እ.ኤ.አ. በ1919 ሩሲያ አልታይ ክፍለ ሀገር ውስጥ ኩሪያ የምትባል መንደር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። እናቱ 19 ወልዳ ያደጉላት 8 ናቸው። በ1930 ስታሊን «ሀብታም ገበሬ ናችሁ» እያለ ሰዉን ከመሬቱ ሲነቅል የነሱም ቤት ተወርሶ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ፣ አባትየው የመጀመሪያውን ዓመት ብርድ እንኳን አልዘለቀውም። ልጁ ጎረምሳ ሲሆን የሀሰት ወረቀት ሰርቶ ጠፋና ምድር ባቡር ተቀጠረ። የግዞተኛ ልጅ መሆኑን አብዛኛውን እድሜውን ደብቆ ነው የኖረው፣ ሜዳልያ ደረቱ ላይ ሲደረደርለት ሁሉ ማለት ነው። በኛ ሀገር የአድሃሪ ልጅ እየተባለ ሰው ሲፈለግ ያየ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በ1938 ለውትድርና ተጠርቶ ታንከኛ ሆነ። እዛው እያለ የታንኩ መድፍ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ የሚቆጥር ነገር ሰርቶ ታዋቂው ጄኔራል ዡኮቭ ራሱ ሰዓት ሸልሞታል። በ1941 ብሪያንስክ አካባቢ ቆሰለ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ከጎኑ ያሉት ቁስለኞች ስለያዙት መሳሪያ ሲያማርሩ ሲሰማ ነው ደብተር አውጥቶ መሳል የጀመረው። የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ነው። ጠመንጃውን ብቻውን አልሰራውም ደግሞ፣ ኮቭሮቭ በምትባል ከተማ ዛይትሴቭ የሚባል ዲዛይነር አብሮት ነበር፣ እሱን ማንም አያነሳውም።

ማሰልጠኛ እያለን አይናችንን በጨርቅ አስረው ፈታታችሁ ግጠሙ ይሉን ነበር። ካዝናውን ታወጣለህ፣ ክዳኑን ታነሳለህ፣ ሞላውን ትስባለህ፣ ከዛ ያ ከባዱ ብረት ከነፒስተኑ እጅህ ላይ ዱብ ይላል፣ በቃ አለቀ። ያኔ ምኑም አይገባኝም ነበር፣ ጋራዥ ከገባሁ በኋላ ነው የገረመኝ። ሌላው ሰው መሳሪያ ሲሰራ አጥብቆ ነው የሚገጥመው፣ አቧራ ሲገባበት ታዲያ ይነክሳል። ይሄ ሰውዬ ግን ሆን ብሎ ክፍተት ተወለት፣ አሸዋውም ጭቃውም ገብቶ የሚቀመጥበት ቦታ አለው፣ ፒስተኑ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ቆሻሻውን ጥሶ ይመለሳል። አስር ክፍል የተማረ ገበሬም ሆነ ምንም ያልተማረ እረኛ እኩል ይይዘዋል። መከራውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ በ1949 የስታሊን ሽልማት 150 ሺህ ሩብል ተሰጥቶታል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ከዛ በኋላ ቅጂውን ጨምሮ 100 ሚሊዮን ያህል ተሰርቷል ከሚባለው ክላሽ በየጠመንጃው የሚቆረጥለት ሳንቲም አልነበረም። በ1990 አሜሪካ ሄዶ የአሜሪካኖቹን ጠመንጃ ኤም 16ን ከሰራው ከስቶነር ጋር ተገናኝተው ነበር፣ ስቶነር በየመሳሪያው ይከፈለው ነበር፣ ክላሽንኮቭ ግን ደሞዝተኛ ነበር። ኢዥቭስክ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው እስከመጨረሻው የኖረው። ሚስቱ ንድፍ የምትስል የሙያ ጓደኛው ነበረች፣ በ1977 ሞተችበት፣ ታናሽ ሴት ልጁን ደግሞ በ1983 የመኪና አደጋ ወሰዳት። ወንዱ ልጁ ቪክተር እሱም መሳሪያ ዲዛይነር ሆነ፣ የሚያስቀናም የሚያሳዝንም ነገር ነው።

ጸጸቱ ላይ እናንተ የያዛችሁት በደህናው ጊዜ የሚናገረውን ነው፣ እኔ ሰላም እንቅልፍ እተኛለሁ ጥፋቱ የፖለቲከኞቹ ነው ሲል የነበረውን። በ2002 ግን ምነው የሳር ማጨጃ በሰራሁ ኖሮ ብሏል። በ2012 ደግሞ፣ በ92 ዓመቱ ማለት ነው፣ ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን መሪ ለፓትርያርክ ኪሪል ደብዳቤ ጽፎ የነፍሴ ህመም አልቻልኩትም፣ መሳሪያዬ ሰው ከገደለ በደለኛው እኔ ነኝ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ የወጣው ከሞተ በኋላ ነው። ከፓትርያርኩ ቢሮ የተሰጠው መልስ መሳሪያው ሀገር ለመጠበቅ ከዋለ ቤተክርስቲያን የሰራውን ትደግፋለች የሚል ነበር። ይሄ እኔን አልተዋጠልኝም። አንድ ሽማግሌ ንስሐ እየጠየቀ የፖለቲካ መግለጫ ይሰጠዋል እንዴ? የኔ የንስሐ አባት ቢሆኑ ኖሮ እድሜውን አይተው ስግደቱን ይቀንሱለት ነበር እንጂ እንዲህ አድርገው አይመልሱትም፣ ቢያንስ እስኪ ንገረኝ ብለው ቁጭ ብለው ይሰሙት ነበር። በታህሳስ 2013 ነው በ94 ዓመቱ ያረፈው።

እርማቱን በሚቀጥለው እትም ብታወጡት ደስ ይለኛል። ስትጽፉ ደግሞ ፎቶውንም አስቡበት። ሩሲያዎቹ ራሳቸው በ2017 ሞስኮ ላይ ሀውልት አቁመውለት ከስሩ የቀረጹት የመሳሪያ ስዕል የጀርመን ጠመንጃ ሆኖ ተገኝቶ በግራይንደር ነው ቆርጠው ያወጡት፣ ስለዚህ ብዙ አልፈርድባችሁም፣ ግን እናንተ ክላሽ ብላችሁ ያወጣችሁት ፎቶ የአሜሪካኖቹ ጠመንጃ ኤም 14 ነው፣ ካዝናውን እዩት ቀጥ ያለ ነው እኮ፣ የክላሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ማንንም ያረጀ ወታደር ብትጠይቁ ይነግራችሁ ነበር።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ