መለኪያውን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት

ክቡር አዘጋጅ፣

የኪስ የጨረራ መለኪያ ይዞ ስለ መብረር ያወጣችሁት ዘገባ «ፈታሾች እንዳይጠራጠሩት ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ይክተቱት» ብሎ መከረ። ምክሩ ከማን እንደተገኘ አልተጻፈም። በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ራጅ ክፍል መለኪያ ደረቱ ላይ ሰክቶ የሚውል ባለሙያ ግን እንዲህ አይልም። ባሕር ዳር ላይ ስለ ጨረራ ሲጻፍ እኛን መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ብዙዎቹ መለኪያዎች በሊቲየም ባትሪ ይሠራሉ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በጭነት ሻንጣ መላክ በዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ ክልክል ነው፤ መሣሪያው ራሱ ቢገባም ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከገባ ደግሞ ሻንጣው በፍተሻው ራጅ ሲያልፍ አላርሙ ይነሣል። ባለቤቱ በሌለበት፣ በተቆለፈ ሻንጣ ውስጥ እየጮኸ ላለ ዕቃ ማን መልስ ይሰጣል? ጥርጣሬ ማስቀረት ይህ ከሆነ ጥርጣሬ መፍጠር ምን ሊሆን ነው!

ቦታው የእጅ ሻንጣ ነው። ከቤት ሳትወጡ አላርሙን ዝም አሰኙትና እስከዚያ የተጠራቀመውን ዶዝ (የተቀበላችሁትን የጨረራ መጠን) ጻፉ። ፈታሹ ሳይጠይቃችሁ «የጨረራ መለኪያ ነው፣ በውስጡ ጨረራ የለም» በሉት። ከመሣሪያው ጋር የመሞከሪያ ምንጭ፣ ያቺ ሲዝየም የሚባል ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር ያለባት ክብ ፕላስቲክ፣ አብራ መጥታ ከሆነ ግን ቤት ትቅር፤ እሷ በእርግጥ ጨረራ አላት። በፍተሻ ማሽኑ ሲያልፍ ቁጥሩ ለአፍታ ይዘልላል፣ መሣሪያውም አይበላሽም፤ የተጨመረው ዶዝ ግን የእናንተ ስላልሆነ ከድምሩ ቀንሱት።

የራጅ ክፍል ሠራተኞች የተቀበሉትን ዶዝ ለመመዝገብ ደረታቸው ላይ የሚሰኩት ባጅ (ቲኤልዲ) ላይ ግን መቀነስ አይቻልም። ስክሪን የለውም፤ ከራጅ ክፍልም ይምጣ ከፍተሻ ማሽን ሁሉንም አንድ ላይ ያጠራቅማል። ስለዚህ በእጅ እንዲፈተሽ ጠይቁ፤ ካልተቻለ ያለፈበትን ቀን ጽፋችሁ ባጁን ለሚያነበው ክፍል አሳውቁ። ዘገባው ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ የለውም።

«አየር ላይ ቁጥሩ ከአሥር እጥፍ በላይ አደገ» ብላችሁ ሰውን አስደንግጣችሁ ምክንያቱን መዝለላችሁም ያሳዝናል። መሬት ላይ በሰዓት 0.1 ወይም 0.2 ማይክሮ ሲቨርት (የዶዝ መለኪያ አሃድ) የሚያሳይ መለኪያ በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከ1 እስከ 3 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ከጠፈር የሚመጣውን ጨረራ የሚያስቀረው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። እንዲያውም የኪስ መለኪያ ኒውትሮን የሚባለውን የዚህን ጨረራ ክፍል ስለማይቆጥር እውነተኛው ዶዝ ከሚታየው ይበልጣል። እንዲህም ሆኖ የአንድ ሰዓቱ የአዲስ አበባ በረራ ለማንኛውም ሰው በዓመት ከተፈቀደው 1,000 ማይክሮ ሲቨርት አጠገብ አይደርስም።

የተጠራጠረ መለኪያውን ይዞ ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ይሳፈር። ከዳር ርቆ መሀል ጣና ሲደርስ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ከታች ካለው አለትና አፈር የሚወጣውን ጨረራ ውኃው ያስቀረዋል፣ ከላይ የሚመጣው ብቻ ይቀራል።

የሻንጣው ምክር በቀጣዩ እትም ይታረም፤ በዚህ ሳምንት የሚበር ሰው አምኖት ሊተገብረው ይችላል።

የራጅ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር