የአማርኛ ፋይል ሲከፈት ኢንኮዲንጉ ይጠቀስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ለጀማሪዎች የሚቀርበው የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ትምህርት የጽሑፍ ፋይል አነባበብ ላይ ደርሷል። ማብራሪያው ግልጽ ነው። ምሳሌው ግን የእንግሊዝኛ ፋይል ነው፤ ፋይሉን የሚከፍተው መስመርም ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚቀመጡበትን ስልት፣ አይጠቅስም። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ስህተቱ ይሸሸጋል። ተራ የእንግሊዝኛ ፊደላት በአብዛኞቹ ኢንኮዲንጎች የሚቀመጡት በአንድ ዓይነት ባይት (ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር) ስለሆነ ኮዱ ሳያንገራግር ይሠራል። አንባቢው ያንኑ ኮድ ወስዶ በአማርኛ ፋይል ላይ ሲያስኬደው ይቆምበታል፤ ጥፋቱንም ከራሱ ይፈልጋል።

ለምን እንደሚቆም ማወቁ ይጠቅማል። ፊደላችን የዓለም ፊደላትን በቁጥር በሚመዘግበው መስፈርት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ስሪት ነው። ከዩኒኮድ ኢንኮዲንጎች አንዱ በሆነው በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። እስከ 3.14 ባሉት የፓይተን ስሪቶች ፋይል የሚከፍተው ኦፕን የተባለው ፋንክሽን ኢንኮዲንግ ካልተነገረው የኮምፒውተሩን ነባር ምርጫ ይወስዳል። ሊኑክስና ማክ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው 1252 የተባለው የላቲን ሰንጠረዥ ነው፤ እሱም እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ ምልክት ስለሚያነብ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባዕድ ምልክት ይሆናል። የመጀመሪያው በራሷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ ናት። ይቺ ምልክት በየሦስቱ እየተደጋገመች ከታየች ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተሳሳተው አከፋፈቱ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። 1252 አምስት ባይቶችን ምልክት ሳይሰጣቸው ትቷል፤ አንዱ 141 ነው። የፀ፣ የፈና የፐ ዘሮች፣ እንዲሁም ሥርዓተ ነጥቦቻችንና የግዕዝ ቁጥሮች በሙሉ ሁለተኛ ባይታቸው 141 ነው። ስለዚህ አንዲት አራት ነጥብ ፕሮግራሙን ባይቱ አልተነበበም በሚለው የስህተት መልእክት፣ በዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር፣ ታስቆመዋለች። አራት ነጥብ የሌለው የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከየት ይመጣል? አስተማሪው ሊኑክስ ላይ ሲያሳየው የሠራው ኮድ ተማሪው ዊንዶውስ ላይ እምቢ የሚለውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው። ኦፕን ሲጠራ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ ኢንኮዲንግ እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ይጻፍ። ለማንበብም ለመጻፍም። ስህተት የሚያስጥለውን የኢግኖር አማራጭ የሚመክሩ አሉ፤ ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ምክር የለም። የስህተት መልእክቱ ይጠፋል፤ ከእሱ ጋር ያልተነበቡት ባይቶችም ይጠፋሉ፣ የቀረውም ትርጉም አልባ ነው።

ዩቲኤፍ-8 ሆኖም የሚያስቸግር ፋይል አለ። ኤክሴልና አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማትታይ ምልክት ያስቀምጣሉ። ተማሪው የመጀመሪያውን ዓምድ በስሙ ሲፈልገው የለም ይባላል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ስሙ ፊደል በፊደል ያው ነው። ከጽሑፍ ጫፍና ጫፍ ባዶ ቦታ የሚያነሣው ስትሪፕም አያነሣትም፣ ምክንያቱም እንደ ባዶ ቦታ አትቆጠርም። ለእንዲህ ያለው ፋይል ዩቲኤፍ-8-ሲግ የሚለው ስም ይሠራል፤ ምልክቷ ብትኖር ይዘላታል፣ ባትኖርም ችግር የለበትም። ኤክሴል እንዲከፍተው የሚዘጋጅ ፋይልም በዚሁ ስም ቢጻፍ አማርኛው በትክክል ይታያል።

ሁለት ዓይነት ፋይሎች ግን በኢንኮዲንግ ስም ለውጥ አይድኑም። አንደኛው በአሮጌ ኖትፓድ አንሲ በሚለው ምርጫ የተቀመጠው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በፊት የኖትፓድ ነባር ምርጫ አንሲ ነበር፤ አማርኛውን ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ለውጦ ያስቀምጠዋል፣ ጽሑፉም ከዚያ ፋይል ውስጥ የለም። ሁለተኛው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበው ነው። እዚያ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ የግዕዝ መልክ የሰጠው ፎንቱ ነበር። ይህ ለዚያው ፎንት የተሠራ መለወጫ ይፈልጋል።

ከተከፈተ በኋላ ያለው ሥራ ይቀላል። በዊዝ ትእዛዝ የተከፈተ ፋይል ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል፣ መሐል ላይ ስህተት ቢፈጠር እንኳ። ፋይሉን በፎር ሉፕ (ሥራውን እየደጋገመ በሚዞር ትእዛዝ) መስመር በመስመር ማንበብ በሪድ ሙሉውን ከመጫን ይሻላል፤ ትልቅ ፋይል ሜሞሪ አይሞላም። እያንዳንዱ መስመር ጫፉ ላይ የመስመር መቁረጫ ምልክቱን ይዞ ስለሚመጣ፣ ሳይነሣ በፕሪንት ሲወጣ በየመስመሩ መሐል ባዶ መስመር ይገባል። በስትሪፕ ይነሣ። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የተረሳ ባዶ መስመርም የተለመደ ነው፤ ስትሪፕ ከተደረገ በኋላ ምንም ካልቀረ ወደ ቀጣዩ ዙር በሚያሳልፈው በኮንቲኒዩ ይታለፍ፣ አለበለዚያ ሁለተኛውን ቃል የሚጠይቀው ኮድ የተጠየቀው ቦታ የለም የሚለውን ኢንዴክስ ኤረር ይሰጣል። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው የተነበበ ፋይል እንደገና በሉፕ ቢዞር ምንም አይሰጥም፤ ማንበቢያው መጨረሻ ላይ ቆሟል። ማንበቢያውን በሚያንቀሳቅሰው በሲክ ወደ ዜሮ ይመለስ።

ስፕሊት ምንም ሳይነገረው መስመሩን በባዶ ቦታ ይቆርጣል። በሁለት ነጥብ አይቆርጥም፤ ስለዚህ በሁለት ነጥብ የተለያየ ጽሑፍ እንዳለ አንድ ረጅም ቃል ሆኖ ይወጣል። በእንግሊዝኛ ትምህርት ሁሉ የሚጠቀሰው የፓይተን የሥርዓተ ነጥብ ዝርዝርም የእንግሊዝኛዎቹን ብቻ ነው የያዘው። የእኛዎቹ በእጅ ይጨመሩ፦ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚተይበው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመጫን ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለፓይተን አንዱ አንድ ምልክት፣ ሌላው ሁለት ምልክት ነው። ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ሲቆረጥ እነዚያ ሳይቆረጡ ያልፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ድርቡ ሁለት ነጥብ በሪፕሌስ ወደ አራት ነጥብ ይለወጥ፤ ነጠላው ሁለት ነጥብ ወደ ባዶ ቦታ የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ይጣበቃሉ። የእንግሊዝኛውን ኮሎን ሁለት ጊዜ የሚጠቀሙም ስላሉ እሱም አብሮ ይለወጥ።

ቃል ለሚቆጥር ደግሞ ሞክሼ ፊደላት አሉ። ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ ለፕሮግራሙ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ቆጠራው ይበታተናል፣ ፍለጋም ግማሹን ያመልጠዋል። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ቅርጾች አንዱን ፊደል በሌላ በሚተኩት በሜክትራንስና በትራንስሌት ወደ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ይለወጡ፤ 35 ጥንድ ማለት ነው። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይጨመሩ፤ ከሐ እና ከኀ ቤት የመጡት ራብዖችም ሳይቀሩ ወደ ሀ ይድረሱ። ይህ ግን ለቆጠራና ለፍለጋ ብቻ ነው። የተለወጠውን ጽሑፍ በዋናው ላይ ጽፎ የጸሐፊውን አጻጻፍ ማጥፋት ነውር ነው።

ቁጥር ያለበት ፋይል የራሱ ወጥመድ አለው። ከፋይል የተነበበ ቁጥር ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚለውጠው በኢንት ካልተለወጠ 10 ከ9 በፊት ይሰለፋል። የግዕዝ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ፩ን አሃዝ መሆኑን የሚፈትሸው ኢዝዲጂት አዎ ይለዋል፣ ኢንት ግን አይቀበለውም፣ ቫልዩ ኤረር ይላል። ፍተሻው በኢዝዴሲማል ቢሆን ከኢንት ጋር ይስማማል። ፊደል በፊደል የግዕዝ ቁጥርን ዋጋ የሚሰጠው ዩኒኮድዴታ በሚባለው ሞጁል ውስጥ ያለው ኑሜሪክ ነው፤ ለ፲ 10፣ ለ፻ 100 ይመልሳል። ፳፭ን 25 የሚያደርገውን ድምር ግን ተማሪው ራሱ ይጽፋል።

መጻፍ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ በትልቁ ቢታተም ደስ ይለናል። ፋይል ለመጻፊያ በሆነው በደብልዩ ምርጫ ሲከፈት የነበረው ሁሉ የሚጠፋው በዚያችው ቅጽበት ነው፣ ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍ። ያንኑ ፋይል እያነበቡ በላዩ ለመጻፍ የሚሞክር ኮድ ባዶ ፋይል ያስቀራል። ውጤቱ በሌላ ስም ይጻፍ። በኤክስ የተከፈተ ፋይል ስሙ ቀድሞ ካለ እምቢ ስለሚል ለጀማሪ ከደብልዩ ይልቅ እሱን ማስተማር ይሻላል፤ በነባሩ ላይ ለመጨመር ኤ አለ።

የሚቀጥለው ትምህርት ምሳሌ ፋይል አምስት መስመር ያህል አማርኛ ቢሆን እንጠይቃለን፦ አንዱ መስመር በአራት ነጥብ፣ አንዱ በድርብ ሁለት ነጥብ የሚያልቅ፣ አንዱ ፀሐይን በሁለት አጻጻፍ የያዘ፣ አንዱ የግዕዝ ቁጥር ያለበት፣ አንዱም ባዶ። ኮዱ ከመታተሙ በፊት በዚያ ፋይል ላይ ሊኑክስም ዊንዶውስም ውስጥ ተሞክሮ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
የገጹ ተከታታዮች