የምግብ ተቆጣጣሪ ከመመደቡ በፊት ወጥ ቤት ገብቶ ይለማመድ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምግብ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ለመሆን ምን መማር እንደሚያስፈልግ የሚጠይቁ ወጣቶች ጎንደር ውስጥ ጥቂት አይደሉም። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ የትምህርት ክፍል ስም ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራቸው። ቀሪው ግማሽ ስለሚዘለል ነው አዲስ ተመራቂ ሥራ በጀመረ ሳምንት ቅጽና ማኅተም ተሰጥቶት ብቻውን ወደ ምግብ ቤት የሚላከው። ይህ መቅረት አለበት።

መጀመሪያ መንገዱን እንናገር። ወደ ሥራው በብዛት የሚገባው በአካባቢ ጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። የምግብ ሳይንስና ሥነ ምግብ፣ የምግብ ምህንድስና እና የእንስሳት ሕክምና ምሩቃንም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ያልፋል፤ በጤና ሙያ የተመረቀ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ጎንደር በዚህ በኩል የታደለች ናት። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ከጤና መኮንኖችና ከኮሚኒቲ ነርሶች ጎን ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) ነበር የሚያሠለጥነው፤ ዛሬም የአካባቢ ጤናውም የእንስሳት ሕክምናውም ትምህርት እዚሁ ከተማ ይሰጣል።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለተቆጣጣሪ የሚሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም። ተቋም ገብቶ ይፈትሻል፣ ናሙና ይወስዳል፣ ምርት ይይዛል። እንዲህ ያለ ሥልጣን የሚይዝ ሰው ከዲግሪው በላይ የተግባር ሥልጠና ይገባዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ደንብ የምግብ ደኅንነት መኮንን ከትምህርት ማስረጃው ሌላ የአገሪቱ የምግብ ባለሥልጣን ያዘዘውን ሥልጠና እንዲያጠናቅቅ ትጠይቃለች። እኛም ዘንድ ይህ በየከተማው ጽሕፈት ቤት በጎ ፈቃድ የሚተው መሆን የለበትም።

ሥልጠናው ምን ይምሰል ለሚል፣ ከቴርሞሜትር እንጀምር። መማሪያ መጽሐፉ ቴርሞሜትር በሚፈላ ውሃ ሲፈተሽ 100 ዲግሪ ያሳያል ይላል። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ማንም ያልነገረው ጀማሪ ደህናውን መሣሪያ «ሰባት ዲግሪ ያጎድላል» ብሎ ይጥለዋል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ 100 እስኪል ድረስ ያስተካክለዋል። እንዲህ የተበላሸ ቴርሞሜትር 63 ዲግሪ ላይ ያለን ዶሮ 70 ደርሷል ይላል፤ ተቆጣጣሪውም አምኖ ይፈርማል። መፈተሽ ያለበት በበረዶ ነው። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ የዘንጉ ጫፍ ብርጭቆውን ሳይነካ መሐል ላይ ይያዛል። ንባቡ ሲረጋ 0 ማለት አለበት፤ ከ1 ዲግሪ በላይ ከሳተ ይስተካከል ወይም ይቀየር። ሥራው ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፤ መደረግ ያለበትም በየጠዋቱ፣ ከቢሮ ሳይወጣ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መለካት የሚገባውን ነገር ማወቅ ነው። ብዙ ጀማሪ የፍሪጁን በር ከፍቶ 4 ዲግሪ ካነበበ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መለካት ያለበት ግን ምግቡ ነው፣ ያውም መሐሉ። በጾም ሰሞን ማታ በትልቅ ብረት ድስት የተሠራ ምስር ወጥ ክዳኑ እንደተገጠመ ቢያድር፣ ዳር ዳሩ ቀዝቅዞ መሐሉ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ይቆያል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስና ባሲለስ ሴረስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ስፖራቸው (ሙቀት የሚቋቋመው ቅርጻቸው) ማታ ሲፈላ አይሞትም፤ ሌሊቱን በዚያ ሙቀት ይራባሉ። ሩዝ ላይ ደግሞ ባሲለስ ሴረስ የሚተወው መርዝ ጠዋት መልሰው ቢያፈሉትም አይጠፋም። ስለዚህ «እኛ ሁልጊዜ በደንብ እናሞቃለን» የሚለው የምግብ ቤቶች መልስ በቂ አይደለም። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ወደ 21 በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት መውረድ አለበት። ይህ የሚሆነው ወጡ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልዘለለ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪ ሲገለበጥ ነው፤ በድስቱ እንዳለ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ቢገባ እንኳ አይደርስም።

ይህን የሚያይ ተቆጣጣሪ መቼ መሄድ እንዳለበትም ያውቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የገባ ሰው ያደረውን ድስት ሳይነካ ያገኘዋል። እኩለ ቀን የገባ የሚያየው የተወለወለ ወለል ነው። ጥምቀትን በመሳሰሉ በዓላት፣ እንግዳው በዝቶ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለው ምግብ ቤት ሁሉ ከዐቅሙ በላይ በሚያበስልበት ቀን፣ የጠዋቱ ሰዓት ዋጋው ይበልጥ ይጨምራል።

ውሃ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት የበለጠ ያሳስበናል፤ አደጋ ያለበትን ነገር ንጹሕ አስመስሎ ያልፋልና። ቧንቧ ሲቋረጥ ምግብ ቤቶች ከሮቶ ይጠቀማሉ። ጀማሪው ናሙናውን ባዶ የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ አለቅልቆ ይሞላና በማግስቱ ላቦራቶሪ ያደርሳል። ውሃው ክሎሪን ካለው ክሎሪኑ ጠርሙሱ ውስጥም መግደሉን ስለሚቀጥል ውጤቱ «ንጹሕ» ሆኖ ይመጣል። ትክክለኛው ጠርሙስ ከጀርም የጸዳና ክሎሪንን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት የተጨመረበት ነው፤ እሱን ደግሞ ማለቅለቅ ክልክል ነው። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ተይዞ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ቀሪ ክሎሪኑ ግን እዚያው ቆሞ የሚለካ ነው፤ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ይጠበቃል።

በረኪናም እንዲሁ በግምት የሚሄድ ነገር አይደለም። 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና በ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ሲገባ 200 ፒፒኤም (በሊትር 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን) ይሰጣል፤ ለ20 ሊትር ባልዲ 80 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በጠረኑ የሚመዝን ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ኃይሉን ያጣል፤ ቅባት ያልለቀቀ መክተፊያ ላይ ሲፈስ ደግሞ ክሎሪኑ ከቅባቱና ከቆሻሻው ጋር ያልቃል። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ነው በረኪናው። ይህን ቅደም ተከተል ለእቃ አጣቢዋ ቆሞ ማሳየት የማይችል ተቆጣጣሪ፣ ቅጣት ቢጽፍም ምግብ ቤቱ በማግስቱ ወደነበረበት ይመለሳል።

ሥጋ ላይ የሙያዎቹ ድንበር መታወቅ አለበት። ቄራ ውስጥ የታረደውን መመርመር የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ የጉንጩን፣ የምላሱን፣ የልቡንና የትከሻውን ጡንቻ ሰንጥቆ የኮሶ እጭ ይፈልጋል፣ ሳንባና ጉበቱን ያያል። የአካባቢ ጤና ባለሙያው ልኳንዳ ቤት ገብቶ የሚፈትሸው ማኅተሙን፣ አጓጓዡን፣ ቢላዋና መስቀያውን ነው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው፤ ማኅተም ያለው ሥጋ ሁሉ ከኮሶ ነጻ ነው ማለት አይደለም። እጩ ጥቂት ከሆነ ከሐኪሙ ቢላዋ ያመልጣል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ይህን ለባለቤቱም ለተመጋቢውም በግልጽ መናገር የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው። እጩን የሚገድለው በሚገባ ማብሰል፣ አለዚያም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን ማቆየት ነው። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ከተማ እየተማሩ ለጥቂት ሳምንት እንኳ አብረው ቄራ የማይቆሙበት ምክንያት አይታየንም።

ወተትና በርበሬም የየራሳቸው ማሳሳቻ አላቸው። ጥሩ የላም ወተት በላክቶሜትር (በወተት እፍጋት መለኪያ) ከ1.028 እስከ 1.033 ገደማ ያነባል። ውሃ ሲጨመር ንባቡ ይወርዳል፤ ቅባቱ ሲገፈፍ ደግሞ ይወጣል። ሁለቱንም ያደረገ ነጋዴ ላክቶሜትሩን ያታልላል፤ ስለዚህ የቅባት ምርመራ ሳይጨመር ወተቱ ደህና ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም። በርበሬና ለውዝ ላይ ያለው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ደግሞ እህሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ የተዘገነ ናሙና ምንም ላያሳይ ይችላል። ከብዙ ጆንያዎች፣ ከላይ ከመሐልና ከታች ተወስዶ፣ በደንብ ተደባልቆ፣ ከድብልቁ ነው ለላቦራቶሪ የሚላከው።

የምግብ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ወረቀት ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በማይክሮስኮፕ የታየ ሰገራ የታይፎይድ ተሸካሚን አይለይም፤ ለእሱ ካልቸር (ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማየት) ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ቢኖርም ተቆጣጣሪው እጅ መታጠቢያው ከመጸዳጃው በር ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ሳሙና መኖሩን፣ ሠራተኛዋ ተቅማጥ ሲይዛት ደመወዟ ሳይቆረጥ ቤቷ መዋል መቻሏን መጠየቅ አለበት።

አጻጻፍም ይሠልጠን። «ወጥ ቤቱ ቆሽሿል» የሚል ሪፖርት ቅሬታ ሰሚ ፊት አይቆምም። «ከጠዋቱ 5፡20፣ በፍሪጁ ሁለተኛ መደርደሪያ ያለ ጥሬ ዶሮ 11 ዲግሪ፤ ከሥሩ ክዳን የሌለው ሰላጣ፤ የዶሮው ደም ሳህኑ ላይ ተንጠባጥቧል» የሚለው ይቆማል። ናሙና ሲወሰድ ባለቤቱ ባለበት ይታሸግ፣ ይፈረም፣ አንዱ ክፍል እሱ ዘንድ ይቅር። ተቆጣጣሪ ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ ይሂድ፤ ከሚፈትሸው ቤት ቡና እንኳ አይጠጣ።

ከዚህ ተነሥተን የምንጠይቀው ቢያንስ የ3 ወር ክትትል ያለበት የመስክ ልምምድ ነው። ጀማሪውና ነባሩ አንድ ወጥ ቤት አብረው ይግቡ፣ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ቅጻቸውን ይሙሉ፣ ወጥተው ያስተያዩ። ልዩነታቸው የሚጠብበትን ጊዜ መከታተል ከማንኛውም የአዳራሽ ሥልጠና ይበልጣል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን አንድ ላይ ወደ ወረዳ የሚልክበት የቡድን ሥልጠና ልማድ ስላለው የእንስሳት ሕክምናና የአካባቢ ጤና ተማሪዎችን በቄራና በምግብ ቤት ማጣመር አዲስ አሠራር አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ተቆጣጣሪም ዘንግ ቴርሞሜትር፣ ዘንጉን በየመሐሉ የሚያጸዳበት አልኮል፣ የክሎሪን መለኪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ የናሙና ከረጢትና የበረዶ ሳጥን ይሰጠው።

የቅጥር ፈተናውም ይቀየር። ተወዳዳሪዎች በጽሑፍ ከተፈተኑ በኋላ ሥራ ላይ ያለ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ 40 ደቂቃ ይሰጣቸው፤ ቴርሞሜትራቸውን በበረዶ ፈትሸው፣ ሦስት ምግብ ለክተው፣ የበረኪናውን ጥንካሬ አውቀው፣ ያዩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ያስረክቡ። ነጥቡም በዚያ ገጽ ይሰጥ።

የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች፣ ጎንደር