ያዘዛችሁት ታራንቱላ ለምን ዘገየ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

በዚህ ወር ልናስረክባችሁ ቀጠሮ ይዘንላችሁ ከነበሩት ታራንቱላዎች (ጸጉራም ትልልቅ ሸረሪቶች) ገሚሶቹ አሁንም እኛው ጋ ናቸው። የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ ቆዳቸውን ሊጥሉ የተቃረቡ ወይም ገና የጣሉ ስለሆኑ ነው። አዲሱ ቆዳ ለቀናት ልስልስ ብሎ ይቆያል። በዚያ ሁኔታ ሳጥናቸው ባጃጅ ላይ ተጭኖ ቢንገጫገጭ እግር ይሰበራል፣ ሆድ ይቀደዳል። ስለዚህ ከእንግዲህ ትልቅ ሸረሪት ቆዳዋን ከጣለች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ከእጃችን አትወጣም።

ቤታችሁ ከገባች በኋላም ይኸው ነገር አይቀርላችሁም። አብዛኛው ስልክ የሚደወልልን «ተንጋላ ሞታ አገኘኋት» ተብሎ ነው። አልሞተችም። ታራንቱላ ቆዳዋን የምትጥለው በጀርባዋ ተንጋላ ነው፤ ትልቅ ከሆነች ሰዓታት ይፈጅባታል። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች እግሮቿ ሁሉ ወደ ሥሯ ሲጨበጡ። እግሯን የምትዘረጋው በአብዛኛው በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ስለሆነ ውኃ ሲጎድላት ይታጠፍባታል። ያኔ አፏ ብቻ ውኃ እንዲነካ አድርጋችሁ ጥልቀት የሌለው ሰሃን ጠርዝ ላይ አስቀምጧት። ሆዷ ግን ውኃ ውስጥ አይግባ፤ የምትተነፍሰው በሆዷ ሥር ነው። የተንጋለለችውን ደግሞ አትንኩ፣ አትገልብጡ፣ ውኃም አትርጩባት።

ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። መብላት ታቆማለች፤ ሆዷ ላይ የተመለጠ ቦታ ካለ ይጠቁራል፤ መሬቱ ላይ ምንጣፍ የመሰለ ድር ታነጥፋለች። ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ፌንጣ ካለ ያኔውኑ አውጡት። ፌንጣ ምስኪን ይመስላል እንጂ ለስላሳ ሥጋ ካገኘ ይቦጭቃል። ከጣለች በኋላ ትንሿን 5 ቀን ያህል፣ ትልቋን ቢያንስ 2 ሳምንት አትመግቡ። መንከሻዋ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ይሆናል፤ ምግብ የሚሰጠው ከጠቆረ ወዲያ ነው።

የጣለችውን ቆዳ አትወርውሩት። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውኃ ውስጥ አርሱና የሆዱን ክፍል በቀስታ ዘርጉት። በውስጥ በኩል፣ ከላይኞቹ ሁለት ነጫጭ የሳንባ ቦታዎች መካከል ኪስ የመሰለ እጥፋት ካለ ሴት ናት። የወንዱ ዘር የሚቀመጠው እዚያች ኪስ ውስጥ ነው፤ ሽፋኗም ከቆዳው ጋር አብሮ ይጣላል። ለማራባት ላሰባችሁ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ሴቷ ከተገናኘች በኋላ ቆዳዋን ከጣለች ዘሩም አብሮ ሄደ፤ ልፋቱ ሀ ተብሎ ይጀመራል። ትልቅ ሴት ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም ዘግይታ ስለምትጥል፣ ወንድ የምናስጠጋት ከጣለች ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። የጣለችበት ቀን ያልተመዘገበላትን ሴት ለማዳቀል አንቀበልም፤ አትቀየሙን።

ወንዱን ሴቷ ሳጥን ውስጥ የምናስገባው ሲመሽ ነው፤ ሴቷን ግን ቀድመን በደንብ እናጠግባለን። የተራበች ሴት ባልና ራት አትለይም። አጠገባችን ረጅምና ለስላሳ ብሩሽ ይዘን እንጠብቃለን፣ እንደጨረሱም ወንዱን እናወጣዋለን። የእንቁላል ቋጠሮዋን ከሠራች በኋላ ትታቀፈዋለች፣ ታገላብጠዋለች፤ ካስደነገጣችኋት ግን ልትበላው ትችላለች። በ26 ዲግሪ አካባቢ 30 ቀን ገደማ ሲሞላው ይወሰድባታል፤ የጅማ ክፍል ግን ከዚያ ቀዝቀዝ ስለሚል ዕድገቱ ይዘገያል፣ አትቸኩሉ። ጫጩቶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ መብላት ሲጀምሩ እርስ በርስ ይበላላሉና እያንዳንዱን በየራሱ ብልቃጥ ለዩት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእነዚህ አልነበረም። የፌንጣ እግር ቁራጭ ይበቃቸዋል።

ስለ ሳጥኑ። መሬት ላይ የምትኖር ታራንቱላ ጠላቷ ከፍታ ነው። እግሮቿ ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ከ20 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የተረፈውን በአፈር ሙሉት። ወንፊት ሽቦ ክዳን ጥፍሯን ይይዝባታል፣ የተበሳ ፕላስቲክ ይሻላል። የቡና ገለባ እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙዎቻችሁ ታነጥፋላችሁ። ተዉት። እርጥበት ሲያገኝ ይሻግታል፣ ያለበት ካፌይንም ቡናው ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት ነገር ነው። ማዳበሪያና መድኃኒት ያልነካው አፈር ነፍታችሁ፣ ምጣድ ላይ አሙቃችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ተጠቀሙ። ክረምት ላይ አፈሩን አታርሱት፤ የውኃ ሰሃኗ ብቻ ሙሉ ይሁን። ለብርዱ ብላችሁ ከሰል አጠገቧ አታስቀምጡ። ቢቀዘቅዛት ዕድገቷ ይዘገያል እንጂ በጅማ ብርድ አትሞትም፤ የከሰሉ ጭስ ግን ለእናንተም አደገኛ ነው።

የወባ መከላከያ ርጭት ቤታችሁ የሚካሄድ ከሆነ ሳጥኑን አስቀድማችሁ ሌላ ቤት አቆዩልን፤ ትንኝ የሚገድል ሸረሪትም ይገድላል። ከጫት ማሳ የተያዘ ፌንጣም ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችል አትስጧት።

አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ጸጉረ ጥቅልሉ፣ ትሊልቶካትል አልቦፒሎሰስ፣ የመካከለኛው አሜሪካ ዝርያ ነው። የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይቲስ (CITES) ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ስላለ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር አገር አይዘዋወርም። ስትበሳጭ በኋላ እግሯ ከሆዷ ላይ ጸጉር ታራግፋለች። ቆዳችሁ ላይ ካረፈ አትሹት፤ በፕላስተር ለጥፋችሁ አንሱትና ታጠቡ። ዓይን ከገባ በብዙ ውኃ እጠቡ፣ ሐኪም ይየው።

ቀጠሯችሁ የተራዘመባችሁ ሁሉ ተራችሁ እንደተጠበቀ ነው። ልትወስዱ ስትመጡ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃና እርጥብ ሶፍት ይዛችሁ ኑ፤ ዕቃው ከሸረሪቷ ብዙም አይስፋ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸረሪት ማራቢያው ሠራተኞች፣ ጅማ