ከለቅሶው በኋላ ያለው ጊዜ

ውድ የእድራችን አባላት፣

እኛ ደሴዎች ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም ይሰበሰባል። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ባሏ የሞተባት ክርስቲያን የአርባውን ተዝካር አውጥታ፣ ሙስሊሟም ዒዳዋን፣ ማለትም የ4 ወር ከ10 ቀን የሐዘን መቆያዋን ስትጨርስ፣ በሯን የሚያንኳኳ ይጠፋል። ስንት ዓመት ቀኗ በባሏ ዙሪያ ነበር የሚሄደው። ቁርሱ፣ መድኃኒቱ፣ ማታ መምጫው። አሁን ጠዋት ለማን ብላ ትነሳ?

ባለቤቴን ካጣሁ ወዲህ በራሴ ያየሁት ይህንን ነው። «አይዞሽ» ደግ ቃል ነው፤ ቀኑን ግን አያስመሽም። እኔን ያነሳኝ ሥራ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ሰኞ ገበያ ልትሄድ ስትል «ነይ፣ በርበሬ ምረጪልኝ» አለችኝ። ለካ ዛሬም የምፈለግበት ጉዳይ አለ!

እባካችሁ፣ የትዳር ጓደኛውን ያጣ አባል ስትጠይቁ አንድ ነገር እንዲሠራላችሁ ለምኑት። ልጅ ያስጠና፣ መዝገብ ይያዝ። እምቢ ካለ አትጫኑት፤ በሌላ ሳምንት ደግማችሁ ጠይቁት። ወንዶቹንም አደራ፤ ብዙዎቹ ዝም ብለው ነው የሚጎዱት።

በሚቀጥለው ስብሰባ የእድሩን ዕቃ የሚረከብ ሰው እንመርጣለን። በቅርቡ ሐዘን ከደረሰባቸው ፈቃደኛ ከተገኘ ቅድሚያ ይሰጠው እላለሁ።